የንግድ ቦታን ወደ መኖሪያ ማስቀየር፦ ከመገናኛ እስከ እንጦጦ ግርጌ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሲወጡ፣ ወይም ከቀበና ተነሥተው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሲያቀኑ፣ በዛገ ቆርቆሮ የታጠሩ ባዶ ቦታዎችን ያያሉ። አንዳንዱ አባት ሱቅ ይሠራበት የነበረና ልጆች የወረሱት ነው። ሌላው ለሕንፃ ተብሎ በሊዝ ተወስዶ ገንዘቡ አልበቃ ብሎ የቀረ ነው። ካርታው ላይ የተጻፈው አገልግሎት «ንግድ» ይላል፤ ባለይዞታው ግን የሚያስበው ቤት ሠርቶ ስለመግባት ነው።

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ የካ ክፍለ ከተማ ላለ እንዲህ ያለ ባለይዞታ የተጻፈ ነው። በቢሮ አጠራር ጉዳዩ «የአገልግሎት ለውጥ» ይባላል፤ «የመሬት አጠቃቀም ለውጥ» ብለው የሚጽፉም አሉ። ባለጉዳዩ በየመስኮቱ የሚንከራተትበት ዋናው ምክንያት ሦስት ወረቀቶችን እንደ አንድ መቁጠሩ ነው፦ ካርታውን፣ የሊዝ ውሉንና የከተማውን ፕላን። «ንግድ» የሚለው ቃል ከሦስቱ በየትኛው ላይ እንደሰፈረ ሳያውቁ ማመልከቻ ከጻፉ፣ ማመልከቻው ሊወስን ሥልጣን የሌለው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

በእጅዎ ያለው ምንድን ነው?

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በከተማ መሬት ላይ የግል ባለቤትነት የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጽንቶታል። እርስዎ ያለዎት የመጠቀም መብት ነው፤ እሱም ከተወሰነ አገልግሎት ጋር ተያይዞ የተሰጠ። ስለዚህ መስኮት ላይ ቆሞ «በገዛ መሬቴ» ብሎ መሟገት ጉልበት መጨረስ ነው። ሰሚ የሚያገኘው ክርክር «ፕላኑ ይፈቅዳል» የሚለው ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር በማስረጃ ለመናገር የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ካርታዎን አውጥተው በመጀመሪያ የይዞታውን ዓይነት ይመልከቱ። ነባር ይዞታ ከሆነ በየዓመቱ የቦታ ኪራይ ይከፍላሉ እንጂ የሊዝ ውል የለዎትም፤ የሚለወጠው ካርታው ላይና ፋይሉ ውስጥ ያለው የአገልግሎት ዓይነት ነው። የሊዝ ይዞታ ከሆነ ግን ውሉም አብሮ መሻሻል አለበት። ካርታው ታርሞ ውሉ ሳይነካ የቀረበት ባለይዞታ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ባንክ ሊያስይዝ ሲሄድ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ከአባትዎ ወርሰው ከሆነ ነባርነቱ ይቀጥላል። ከአዋጁ ወዲህ ከጎረቤት ገዝተው ከሆነ ግን፣ የድሮው ካርታ ምንም ቢል፣ እርስዎ የሊዝ ባለይዞታ ነዎት።

ሊዝ ከሆነ ዘመኑን ይቁጠሩ። በዚያው አዋጅ ለአዲስ አበባ የተቀመጠው የሊዝ ዘመን ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት 90፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ነው። ወደ መኖሪያ ሲቀየር 39 ዓመቱ በራሱ ይጨመርልኛል ብለው እንዳይዘናጉ። ይጨመር፣ አይጨመር፣ ከመቼ ጀምሮ ይቆጠር የሚለው በተሻሻለው ውል ላይ በጽሑፍ መስፈር ያለበት ነጥብ ስለሆነ ገና ማመልከቻው ላይ ያንሡት። በቃል «እሱ ችግር የለውም» የሚል ባለሙያ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውሮ ይገኛል።

ከዘመኑ በላይ የሚያሳስበው የግንባታው ቀነ ገደብ ነው። አዋጁ ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ለአነስተኛ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር አድርጎ ወስኗል፤ ውልዎ ላይ የመጀመሪያም የመጨረሻም ቀን ተጽፏል። ባዶ ቦታ ማለት በከተማው ዓይን «ታጥሮ የተቀመጠ» ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ለዓመታት ታጥረው የቆዩ፣ በድምሩ ከ400 ሄክታር በላይ የሚሆኑ ቦታዎችን ውላቸውን አቋርጦ መልሶ ወስዷል። የእርስዎ ቀነ ገደብ አልፎ ከሆነ የአገልግሎት ለውጥ ጥያቄ ይዘው ከመቅረብዎ በፊት የውሉን ጉዳይ ያስተካክሉ፤ ያልተከፈለ የሊዝ ክፍያ ካለ ይክፈሉ፣ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ። ጊዜው ያለፈበት ውል ይዞ ሌላ ጥያቄ ማቅረብ ፋይሉን በራስ እጅ አውጥቶ «ይኸውና ንጠቁኝ» ማለት ይሆናል።

ፕላኑን ሳያዩ ምንም አይጻፉ

የከተማ ፕላን አዋጅ (ቁጥር 574/2000) ሁለት ደረጃ ያላቸው ፕላኖችን ያውቃል። አንደኛው መላውን ከተማ የሚሸፍነው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ሁለተኛው የአንድን ሰፈር ዝርዝር የሚያወጣው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። አዲስ አበባ አሁን የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. የጸደቀና ለአሥር ዓመት የተዘጋጀ ነው። ከተማዋን በጥቅሉ 40 በመቶ ለግንባታ፣ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ብሎ ያሰላ ነው፤ ይህን ስሌት ልብ ይበሉ፤ የእንጦጦ ግርጌ ሰዎች ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

የቦታዎን የማዕዘን ነጥቦች ይዘው ክፍለ ከተማው ዘንድ ይሂዱና «በዚህ ቦታ ላይ ፕላኑ የሚፈቅደው አገልግሎት ምንድን ነው?» ብለው የፕላን መረጃ በጽሑፍ ይጠይቁ። የሚሰጥዎት መልስ ጉዳይዎን ከአራት መንገዶች ወደ አንዱ ይመራዋል።

የመጀመሪያው መልካሙ ነው። ፕላኑ ሰፈሩን ቅይጥ መኖሪያ ብሎት እያለ ካርታዎ ብቻ «ንግድ» ብሎ ቀርቷል። ከዋናው መንገድ ገባ ባሉት የኮተቤና የፈረንሳይ ውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች፣ ድሮ ወፍጮ ቤት ወይም መጋዘን በነበረበት ቦታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። እዚህ የሚለወጠው የእርስዎ ወረቀት ነው፤ ፕላኑ ከጎንዎ ነው።

ሁለተኛው ፕላኑ ራሱ ቦታውን የንግድ ወይም የማዕከል ዞን ሲያደርገው ነው። በመገናኛ ዙሪያና በዋና ዋና መንገዶች ግራና ቀኝ የሚያገኙት ይህንን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ፕላኑ ዝቅተኛ የፎቅ ብዛት ጭምር ስለሚያዝ ባለአንድ ፎቅ ቪላ ይፈቀድልኛል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ግን ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ቅይጥ አገልግሎት ይፈቀዳል ወይ? ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ የሚፈቀድ ከሆነ የአገልግሎት ለውጥ ጭራሽ ላያስፈልግዎት ይችላል። እኔ በግሌ ከሁሉም መንገዶች ይሄኛውን አስቀድማለሁ። ከከተማው ጋር አያጣላም፤ ሱቁም ሲከራይ የላዩን ግንባታ ይደግፋል። ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ ከአጎራባች ባለይዞታ ጋር ቦታ አዋህዶ መሥራትም አለ፤ ወንድማማቾች እንኳ የማይስማሙበት ነገር ስለሆነ ግን ውሉን በሕግ ባለሙያ ያስጽፉ።

ሦስተኛው መልስ «አረንጓዴ» ወይም «የወንዝ ዳርቻ» የሚል ነው። የካ የተራራ ግርጌ ክፍለ ከተማ ነው፤ ውሃው ከእንጦጦ ይነሣል፣ ቀበናን የመሳሰሉ ወንዞች መሐሉን ሰንጥቀው ይወርዳሉ። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ የለበሰው ዳገት፣ የወንዙ ሸለቆና ገደሉ የዚያ የ30 በመቶ አረንጓዴ አካል ናቸው። በተለይ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተመረቀ በኋላ የተራራው ነገር ለከተማው የሚደራደርበት ጉዳይ አይደለም። «የፓርኩ ጎን፣ አየሩ ለብቻው» እያለ የገበሬ መሬት የሚያስማማ ደላላ ሲገጥምዎ፣ ካርታ የሌለውን ቦታ ምንም ዓይነት የአገልግሎት ለውጥ እንደማያድነው ያስታውሱ። በአንድ ሌሊት የቆመ ጨረቃ ቤት በአንድ ጠዋት ይፈርሳል። ካርታ ኖሮዎት ፕላኑ አረንጓዴ ካለው ደግሞ የሚጠይቁት የአገልግሎት ለውጥ ሳይሆን ካሳና ምትክ ቦታ ነው፤ እሱ ሌላ ሕግና ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አራተኛው «መንገድ» ወይም «መልሶ ማልማት» ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም የተሠራውን ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ያለውን መስመር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ቦታዎ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ወይም አጠገቡ ከሆነ፣ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ምን እንደሚል በጽሑፍ ሳያገኙ ለአርክቴክት አንድ ብር አይክፈሉ።

የማዕዘን ነጥቡ

ባዶ ቦታ ድንበሩ ይሸሻል። ጎረቤት አጥሩን ሲያድስ በክንድ ይገፋል፣ ጎርፍ ድንጋዩን ይቀብራል፣ ቆሻሻ የሚደፋበትም አይጠፋም። ከማመልከትዎ በፊት ካርታው ላይ ያሉትን ነጥቦች መሬት ላይ ያስፈልጉ። የወሰን ድንጋዮቹ ብዙ ጊዜ ከአረምና ከፍርስራሽ ሥር ናቸው፤ ቀያሽ ከመምጣቱ በፊት ማዕዘኖቹን ያስመንጥሩ፣ አለበለዚያ የቀያሹ ቀን በመጥረግ ያልቃል።

በስልክዎ ነጥቡን ለማግኘት የሚሞክሩ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የአገራችን ካርታዎች የተለመደው መነሻ አዲንዳን የሚባለው የልኬት ሥርዓት ነው፤ ስልክዎ ደግሞ የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሥርዓት ነው። የሁለቱ ልዩነት በእኛ አገር ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የካርታውን ቁጥር እንዳለ ስልክ ላይ ያስገባ ሰው ነጥቡ ከሦስት መንደር ወዲያ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ሲያርፍ ያያል። «ካርታዬ ፎርጅድ ነው» ብሎ የደነገጠ ባለይዞታ ጥቂት አይደለም። ቀያሹ ቁጥሩን ወደ ትክክለኛው ሥርዓት ለውጦ ሲያስገባው ነገሩ ይፈታል፤ ስለዚህ የፕላን መረጃ ሲጠይቁም ነጥቦቹ በየትኛው ሥርዓት እንደተጻፉ ወረቀቱ ላይ እንዲገለጽ ያድርጉ። በተሳሳተ ነጥብ የተነበበ ፕላን የጎረቤትን ዕጣ ይነግርዎታል።

ቦታው በካዳስተር (በአዋጅ ቁጥር 818/2006 በተጀመረው የከተማ ይዞታ ምዝገባ) ተመዝግቦ ከሆነ ይህ ድካም ያጥራል። ካልተመዘገበ የአገልግሎት ለውጡን ከመጠየቅ በፊት ምዝገባውን ማስጨረስ ይሻላል።

ፋይሉ የት ነው?

ይህ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ከየካና ከቦሌ ተቆርሶ ነው። አያትንና የካ አባዶን የመሳሰሉ ሰፈሮች ዛሬ የለሚ ኩራ ናቸው፤ ካርታቸው ግን «የካ» ይላል። ቦታዎ በዚያ አቅጣጫ ከሆነ ፋይሉ ተዛውሮ እንደሆነ ወረዳውን አስቀድመው ይጠይቁ። «የካ ሂድ»፣ «ለሚ ኩራ ሂድ» እያሉ ሲያመላልሱዎ ከመክረም፣ ፋይሉ የተዛወረበትን የደብዳቤ ቁጥር ይዞ መሄድ ያሳርፋል።

ፋይሉ ሲገኝ ውስጡ ያለውን ገጽ በገጽ ያረጋግጡ። እገዳ አለበት? በባንክ ተይዟል? የወራሾች ክርክር አለ? የድሮ ሱቅ ነበረበት ከተባለ፣ ያ ሱቅ በ1967 ተወርሶ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆኖ ነበር ወይስ አልነበረም? የወረሱ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ከሆናችሁ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውም የሁሉም ፊርማ ወይም ውክልና ይኖረዋል። ባለትዳር ከሆኑ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ወንድም ውክልናውን በኤምባሲ አስጽፎ ይልካል፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ከተመዘገበ በኋላ ነው የሚሠራው። በውክልናው ላይ «የአገልግሎት ለውጥ ለመጠየቅ፣ የሊዝ ውል ለማሻሻልና ለመፈረም» የሚል በግልጽ ይጻፍ። «ስለማንኛውም ጉዳይ» የሚል ጥቅል ውክልና ውል ሲፈረም ይመለሳል።

አሁን ይጻፉ

ከወረቀቱ ጋር የሚያያዙት የካርታው ቅጂ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የዘመኑ ግብር ወይም የሊዝ ክፍያ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የፕላን መረጃው፣ የሊዝ ይዞታ ከሆነ የውሉ ቅጂ፣ እንዲሁም እገዳ አለመኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ናቸው። ቢሮው ሌላ ከጠየቀ ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ዝርዝሩ በቃል ከሆነ በየቀጠሮው አንድ አንድ ወረቀት ይጨመርበታል።

ማመልከቻውን ከበር ላይ ጸሐፊዎች ቢያስጽፉም ይዘቱን ራስዎ ያዘጋጁ። የሚከተለው አጭር አጻጻፍ ይበቃል፤ ነባር ይዞታ ከሆነ ስለ ሊዝ የሚለውን ያውጡት፦

«ለየካ ክፍለ ከተማ የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ለውጥ ስለመጠየቅ። በወረዳ …… በካርታ ቁጥር …… ተመዝግቦ የሚገኘው …… ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ይዞታዬ የተፈቀደለት አገልግሎት ንግድ ነው። በቀን …… በቁጥር …… በተሰጠኝ የፕላን መረጃ መሠረት ቦታው የሚገኘው በቅይጥ መኖሪያ ዞን ውስጥ ሲሆን ፕላኑ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ይፈቅዳል። ስለዚህ አገልግሎቱ ከንግድ ወደ መኖሪያ ተለውጦ ካርታውና የሊዝ ውሉ በዚሁ መሠረት እንዲሻሻሉልኝ፣ የሊዝ ዘመኑና የግንባታ ጊዜውም በተሻሻለው ውል ላይ ተለይተው እንዲገለጹልኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። ከሰላምታ ጋር።»

የቤተሰብ ችግር፣ የአባት ውለታ፣ የልጆች ብዛት እዚህ ውስጥ አይግባ። የሚያነበው ባለሙያ ሊያዝን ይችላል፤ በሐዘኑ ግን መፈረም አይችልም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን እንዳይወጣ፤ ወደ ፊት የሚያስፈልግዎት እሱ ነው።

ሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ሌላው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ይዘውት ይመለሱ። ገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። ቀጥሎ ባለሙያ ቦታውን ያያል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ጉዳዩ ወደ ቴክኒክ ኮሚቴ ይሄዳል። ከውጭ ለተመለሱ አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአሜሪካ ከተሞች የቦታ አጠቃቀም ሲለወጥ ሕዝባዊ ስብሰባ ይጠራል፣ ጎረቤትም ማይክራፎን ይዞ ይደግፋል ወይም ይቃወማል። እዚህ እንዲህ ያለው የአንድ ሰው ጉዳይ የሚወሰነው በዝግ ክፍል፣ በወረቀት ላይ ነው። ባለሙያው ቦታውን ሊያይ የሚመጣበት ቀን የእርስዎ ብቸኛ ስብሰባ ነው ማለት ይቻላል፤ ማዕዘኖቹ ተመንጥረው፣ ካርታው በእጅ ሆኖ ይጠብቁት። ግራና ቀኝ ያሉት መኖሪያ ቤቶች መሆናቸውንም እንዲጽፍ ያሳዩት።

ስለ ጉዳይ አስፈጻሚ ደላላ ሳልናገር ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። በየካ ክፍለ ከተማ በር ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ክፍለ ከተሞች አካባቢ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል አይጠፋም። ፕላኑ የሚፈቅድልዎ ከሆነ የሚሸጥልዎት የራስዎን መብት ነው። ፕላኑ የማይፈቅድ ከሆነ ደግሞ የሚያመጣልዎ ወረቀት ፎርጅድ ነው፤ የሚታወቀውም ግንባታ ፈቃድ ሲጠይቁ ነው። ደረሰኝ የማይቆረጥለትን ብር አይክፈሉ።

ስለ ብሩ

የአገልግሎት ክፍያው፣ የቀያሹና የካርታ ኅትመቱ ወጪ አያስደነግጥም። ትልቁ ጉዳይ የሊዝ ዋጋው ነው። ቦታውን በንግድ ጨረታ በከፍተኛ ዋጋ ወስደውት ከሆነ፣ ወደ መኖሪያ ስለተቀየረ ዋጋው ወደ መኖሪያ መነሻ ይወርድልኛል ብለው በጀት አይያዙ። ያቀረቡት ዋጋ ውል ነው፤ ቀሪውን ዓመታዊ ክፍያ እንደነበረ እንደሚከፍሉ አስበው ያስሉ። ስሌቱ ካላዋጣ ቦታውን ማስተላለፍም አለ። ነገር ግን ግንባታ ሳይጀመር የሊዝ መብት ሲተላለፍ የሊዝ አዋጁ ሻጩ የሚያተርፈውን ይገድባል፤ የከፈሉትን ክፍያ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የተሠራ ነገር ካለ ዋጋውንና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው የሚይዙት። ደላላው በጆሮዎ የሚያንሾካሹክልዎ ዋጋ ይህንን አይጨምርም።

ሌላም አለ። የሚሠሩት ለራስ መኖሪያ ሳይሆን ለሽያጭ የሚሆን አፓርትመንት ከሆነ ነገሩ ሪል እስቴት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣ የራሱ አዋጅ አለው። ካርታ ላይ «መኖሪያ» ማስባሉ ብቻ ለዚያ አይበቃም።

«አይቻልም» ሲባሉ

በቃል ከሆነ አልተመለሰልዎትም ማለት ነው፤ በጽሑፍ ይጠይቁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ (ቁጥር 1183/2012) የአስተዳደር ተቋማት ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም በቅሬታ ሰሚ በኩል አልፎ ፍርድ ቤት እንዲያስመረምር መንገድ ይከፍታል። በክፍለ ከተማው ቅሬታ ሰሚ ይጀምሩ፣ ካልሆነ ወደ ከተማው ቢሮ ይውጡ፤ ጉዳዩ ያለ ውሳኔ ከተንጠለጠለ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። የፍርድ ቤቱን በር ከማንኳኳትዎ በፊት ግን የተከለከሉበትን ምክንያት ደጋግመው ያንብቡ። «ሰነድ አልተሟላም» ከሆነ ያሟሉ። «ፕላኑ አይፈቅድም» ከሆነ ዳኛው ፕላን አይቀይርልዎትም።

በዚህ ጊዜ የሚቀረው የፕላን ማሻሻያ ነው። ይህ የአንድ ካርታ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የከተማው የፕላንና ልማት ቢሮ የሚያየው፣ ከፍ ሲልም ለከተማው የበላይ አካል የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል። ለአንድ ግለሰብ ጠባብ መሬት ይህን ማድረግ በጣም ይከብዳል፤ ለሰፈር ግን ይቻላል። መንገዱ ዳር ያሉ አሥር አሥራ አምስት ባለይዞታዎች ተመሳሳይ ችግር ካለባቸው በጋራ ይጠይቁ። መዋቅራዊ ፕላኑ በ2009 የተጀመረ የአሥር ዓመት ፕላን ስለሆነ ዘመኑ በ2019 ዓ.ም. ያበቃል፤ ተተኪው ሲዘጋጅ ደግሞ ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። የወረዳ ስብሰባ ሲጠራ «ስለ ጽዳት ነው» ብለው የሚቀሩ ሰዎች ሰፈራቸው በሌላ ቀለም ተቀብቶ የሚያገኙት ያኔ ነው። ከዕድሩ ዳኛና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድመው ተነጋግረው፣ የቦታዎቹን ካርታ ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ አድርገው፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ያስገቡ። በስብሰባ ላይ የተነገረ ከቃለ ጉባኤ ሊቀር ይችላል፤ በጽሑፍ ገቢ የሆነ ግን ይቆያል።

ከተፈቀደ በኋላ

የፈቃዱ ደብዳቤ ብቻውን ምንም አያስሠራም። ውሉ ተሻሽሎ ይፈረም፣ አዲሱ ካርታ ይታተም፣ የይዞታ ምዝገባው ላይም ለውጡ ይግባ። ከዚያ ወደ ግንባታ ፈቃድ ይሂዱና በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት ይጠይቁ፤ ንድፍ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በመጣው አመዳደብ ባለአንድ ወለሉና አጭር ተሸካሚ ያለው ቤት «ሀ»፣ ፎቅ ያለው «ለ»፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው «ሐ» ነው። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው የባለሙያ ፊርማም የጥናት ወረቀትም ይበዛል፤ የፎቁን ብዛት ከመወሰንዎ በፊት ይህን ያስሉ።

በቦታው ላይ የንግድ ፈቃድ ከነበረ ይመልሱ፤ አለበለዚያ በየዓመቱ ግብር ይጠየቁበታል። መብራትና ውሃ በንግድ ታሪፍ ተመዝግበው ከሆነ አዲሱን ካርታ ይዘው ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና ወደ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ይሂዱና ወደ መኖሪያ ያስቀይሩ። ማንም መጥቶ አይቀይርልዎትም።

ቦታዎ ዳገት ላይ ከሆነ፣ ከፈረንሳይ በላይም ሆነ ከኮተቤ ወደ ተራራው፣ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የላይኛውን ጎረቤት ያነጋግሩ። በክረምት የሚመጣብዎ ጎርፍ የሚወርደው በእሱ ግቢ አልፎ ነው፤ የድጋፍ ግንቡ ሲሠራ ውሃው በየት እንደሚወጣ ከተስማማችሁ በኋላ፣ ያንን መውጫ መሐንዲሱ ንድፉ ላይ እንዲያሰፍረውና ሁለታችሁም ቅጂው ላይ እንድትፈርሙ ያድርጉ።